እግር ያላት የባሕር ኤሊ

አባቴ ከሞተ በኋላም ስልኩ መጥራቱን አላቆመም። የናዝሬት ማስታወቂያ ሠዓሊዎች ልማድ አላቸው፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ታችኛው ጥግ ላይ ስልክ ቁጥራቸውን በትንሹ ይጽፋሉ። የእሱ ቁጥር በየሥጋ ቤቱ፣ በየጋራዡ፣ በየፔንሲዮኑ ግድግዳ ላይ አለ። ባነር አታሚዎቹ ገበያውን ከወሰዱበት በኋላ እንኳ አንዳንድ ሰው ይደውላል። እናቴ ዝጊው፣ ቁጥሩም ይረፍ ትለኛለች። እኔ አልዘጋሁትም። ለደወለ ሁሉ ሞቷል እላለሁ። “አርፏል” በይ ብለው ዘመዶች ተቆጥተውኛል፤ ነገር ማለዘብ አልችልበትም።

ከደወሉት አንዷ ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ትንሽ ሆቴል ያላቸው ሴትዮ ናቸው። አምና አባቴን ጠርተው የግቢያቸውን ረጅም አጥር ባሕር አድርገህ ሳልልኝ ብለውት ነበር። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ባሕር ማሳል ምን የሚሉት ነው ብዬ ነበር ያኔ። ግን የላንጋኖ ውኃ መልኩ ሻይ በወተት ነው፤ እንግዳው ሰማያዊ ይወዳል። ደግሞም ለሽርሽር የሚመጣው ተማሪ የጠጣበትን ፕላስቲክ ሁሉ ሐይቁ ውስጥ እየወረወረ አስመርሯቸዋል። ፕላስቲክ የባሕር እንስሳትን እንዴት እንደሚፈጅ በቴሌቪዥን አይተዋል። ልጆቹ ያንን ግድግዳ ላይ አይተው እንዲያፍሩ ፈለጉ።

እኔም አባቴም ባሕር አይተን አናውቅም። እንስሳቱን ከስልኬ እያወጣሁ አሳየሁት። ስኳር በሽታው ግራ እግሩን አቁስሎት ስለነበር መሰላል መውጣት አይችልም። ላይ ላዩን እኔ፣ ታች ታቹን እሱ ያዝን። ዓሣ ነባሪውና ዶልፊኖቹ የኔ ናቸው። እሱ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና፣ የታመመውን እግሩን ብሎኬት ላይ ዘርግቶ፣ ፌስታል ልትውጥ አፏን የከፈተች ኤሊ ሳለ። ጎበዝ ኤሊ ናት፤ ዓይኗ አንጀት ይበላል። ግን እግር አላት። ወፍራም፣ ቅርፊታም፣ ጥፍር የተደረደረበት እግር። ልጅ ሆኖ መልካሳ በቆሎ ማሳ ውስጥ ሲከተላት የነበረችው ኤሊ እግር ነው።

ወዲያው ነገርኩት።

“አባዬ፣ የባሕር ኤሊ እኮ እንዲህ ያለ እግር የላትም። መቅዘፊያ የመሰለ ክንፍ ነው ያላት። ይኸው፣ እየው።”

ስልኬን ተቀበለኝ፤ ፀሐዩን በእጁ ከልሎ ብዙ አየው። ከዚያ እንቁላሏን የት እንደምትጥል ጠየቀኝ። ከባሕር ወጥታ አሸዋ ላይ ነው አልኩት።

“ታዲያ እዚያ ድረስ በምን ትሂድ?”

“በክንፏ እየተጎተተች ነዋ።”

“እኔ አላስጎትታትም” አለ።

አኳራጁን አቀብዪኝ አለኝ፤ ብሩሹን አጠበበትና ጥፍሮቿን ማድመቅ ቀጠለ። በጣም ተናደድኩ። ይህ ሰው እኮ ለአንድ ሥጋ ቤት የሳለው በሬ ቀንዱ ተንሻፏል ብሎ፣ ማንም ሳይጠራው መሰላሉን ባጃጅ ላይ ጭኖ ተመልሶ ያቃና ሰው ነው። “ስልኬ ያለበት ሥራ ተሳስቶ አያድርም” ይል ነበር ሁልጊዜ። ያን ቀን ግን የስልክ ቁጥሩን ከኤሊዋ የኋላ እግር ሥር ጻፈና ዕቃውን ሰበሰበ። ሌላ ግድግዳ አልነካም ከዚያ ወዲህ። እግሩ ተቆረጠ። ቁስሉ አልድን አለ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ሴትዮዋ ይህን አልሰሙም ነበር። ሠዓሊውን አቅርቢልኝ አሉኝ፤ ሞቷል አልኳቸው። ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ብለው ሊዘጉ ሲሉ ለምን እንደደወሉ ጠየቅኳቸው። ምንም አይደል አሉ። ስነዘንዛቸው ተናገሩ፤ ተማሪዎች ይዞ የመጣ መምህር የባሕር ኤሊ እንዲህ አይደለችም ብሏል። ልጆቹ የፌስታሉን ነገር ትተው በእግሯ ሲስቁ ዋሉ። ጫማ ግዙላት ያለም አለ።

“እንዳለች ትቀመጥ፣ የኔ ልጅ” አሉኝ። “ማስታወሻ ትሁንሽ።”

እናቴም ያንኑ አለች። ናዝሬት ውስጥ የእሱ እጅ በየሳምንቱ በባነር እየተሸፈነ ነው። የቀረችው ኤሊዋ ናት፤ የመጨረሻዋም እሷ ናት። “የእጁን ሥራ በገዛ እጅሽ ልታጠፊው?” አለችኝ፤ ፊቷን አዞረችብኝ። እኔም ማጥፋት አልፈለግሁም። ግን መንገድ ላይ በሄድኩ ቁጥር የልጆቹ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ስልኩ ያለበት ሥራ ነው። በሕይወት ቢኖር ኖሮ፣ እግሩ ቢድን ኖሮ፣ መሰላሉን ጭኖ የሚመለስ እሱ ራሱ ነበር። ይህን አምናለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ቀለሜንና ብሩሼን ይዤ በሞጆ፣ በመቂ አድርጌ ወደ ላንጋኖ ወረድኩ። የሆቴሉ ዘበኛ አወቁኝ፤ አካም ጅርታ ብለው ጨብጠውኝ ዛሬ አባትሽን ትተሽው መጣሽ ወይ አሉኝ። መለስኩላቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ። ከዚያ ባልዲ አመጡልኝ፤ እሱ የተቀመጠበት ይሁን ሌላ አላውቅም፤ አልጠየቅኳቸውም።

ገልብጬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቁመት የኔ ዓሣ ነባሪ አይታይም። ሰው ቀና ካላለ በቀር የምትታየው ኤሊዋ ብቻ ናት። የፊት እግሯን በጣቴ ነካሁት። ቀለሙን አወፍሮ ስለሚቀባ የጥፍሮቹ ጠርዝ ይቆረቁራል። ሰማያዊውን በጠበጥኩና ከኋላ እግሯ ጀመርኩ። ክንፎቹን አሳምሬ ሳልኳቸው፤ ከእሱ የተማርኩት እጅ ነው። ቁጥሩን አልነካሁትም።

ቀለሙ ደረቅ ሲል ጥፍሮቹ ከሥር ብቅ አሉ። ደግሜ ቀባሁ። ሴትዮዋ ምሳ አስልከውልኝ ቀዘቀዘ። አሁንም ብቅ አሉ፤ አንድ በአንድ ቆመው፣ እሱ እንደደረደራቸው። ደከመኝ። የበጠበጥኩት ሰማያዊ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ቆርቆሮውን አዘንብዬ ከሥሩ ጠረግሁና አንዱን ጥፍር ተውኩት፤ የኋላውን፣ ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን። ሌሎቹን ሸፈንኳቸው።