ስምንተኛዋ ፎቶ

ባለፈው ዓርብ ለጉዳይ መሐል ሜዳ ወርጄ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ምግብ ቤት ገባሁና፣ ጾም ነውና ሰላጣ አዘዝኩ፤ አስተናጋጇ ሳህኑን አስቀምጣ፣ እኔን ሳትጠይቅ አቼቶውን ከላይ ስትገለብጥበት ያ ሽታ አፍንጫዬን ወጋኝና ሹካዬን በአየር ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«አባባ፣ አልተስማማዎትም እንዴ?»

«ምን ጨመርሽበት?»

«አቼቶ ነዋ!»

«ሌላስ?»

ሳቀችብኝ። ትሳቅ። እኔ የማላውቀውን የሚያበላኝን ሰው እጠረጥራለሁ፣ የማውቀውን የሚያበላኝንም እጠረጥራለሁ፤ ይህ ጠባይ ከእናቴ ቤት ጓዳ ነው አብሮኝ የወጣው፤ ሽታውም ከዚያው ነው።

ቤታችን ከዘመሮ ወዲህ፣ ከገብሱ ማሳ ዳር፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተክቦ የተሠራ ነበር። ጓዳው መስኮት የለውም፤ በቀትር እንኳ ገብተህ እጅህን ብትዘረጋ ጣትህን አታያትም፤ የገብስ ዱቄት፣ የበግ ቆዳና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ ተደባልቆ ይቀበልሃል። መንግሥት በተለወጠ በመንፈቁ፣ ገብሱ አውድማ በገባ ሰሞን፣ አንድ ጉንጩ የጎደጎደ ሰው ካፖርቱን እየጎተተ ከአጥራችን በር ቆመና «የጥላሁን ቤት ይህ ነው?» አለ።

ጥላሁን ታላቅ ወንድሜ ነው። ሁለት ወንዶች ስንሆን አንዱ ይማር አንዱ ይረስ ተብሎ፣ ለእሱ ደብተር ለእኔ ሞፈር ደረሰን፤ ኋላ እሱን ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ አፍሰው ወታደር አደረጉት። የተማረው ተወሰደ፣ ያልተማርኩት ቀረሁ። እናቴ ይህን አንድ ቀን በአፏ ብላው አታውቅም፤ በዓይኗ ግን ትለው ነበር፣ ወይም እኔ እንደዚያ ጠረጠርኩ።

ሰውየው አሥር አለቃ ምንዳዬ ይባላል፤ የመርሐቤቴ ሰው ነው፤ ከወንድሜ ጋር በአንድ ምሽግ ነበርን፣ ጦሩ ሲበተን በሽሽቱ መካከል ተለያየን አለ። ሞቷል አላለም፤ አለም አላለም።

«እኔን እየኝ» አለችው እናቴ። «ልጄ በሕይወት አለ?»

«እትዬ በለጡ፣ ሬሳውን አላየሁም።» ከዚያ ከካፖርቱ ጉያ፣ በፌስታል ላይ ፌስታል የተጠቀለለች፣ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ነገር አወጣ። «ፊቱ ግን እዚህ ውስጥ አለ። ስምንተኛዋ ላይ ነው። ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ የእናንተን ደብዳቤ እያነበበ ይስቃል።»

እናቴ እጇን ስትሰድ መልሶ ጉያው ከተታት። ፊልም ነው፣ ብርሃን ካየ ይጠፋል አላት። የእኔ ጥርጣሬ የጀመረው ያን ደቂቃ ነው። ሲያዩት የሚጠፋ፣ ሳያዩ የሚያምኑት ነገር ይዞ ቤትህ የገባ ሰው ምን ትለዋለህ?

በጦሩ ውስጥ ለወታደሩ መታወቂያ ፎቶ ያነሳ ነበርና ካሜራውን፣ ሁለት ያልተነኩ ፊልሞችንና መድኃኒቱን ይዞ ነው የወጣው። የጥላሁን ፊልም ግን ወንዝ ተሻግሯል፣ ላብ ጠጥቷል፣ ዕድሉ አንዴ ነው፣ በመጀመሪያ በዚህ ብርድና በዚህ ውሃ በሌላ ፊልም መሞከር አለብን አለ። ሳምንት ይበቃል አለ። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ሁለት፣ ሦስት። እሱ ከምድጃው ቀኝ ሞቅ ካለው ቦታ ይተኛል፣ እናቴ ከቂጣው መሐሉን ለእሱ ትቆርሳለች፤ እኔ ከዳር ሆኜ የጉንጩን መሙላት አያለሁ። ጎረቤቱም «ይኼ የተበተነ ወታደር እኛን ለማን ነው የሚያነሳን?» ይለኝ ጀመር። ማን መሣሪያ እንዳለው ሊያሳብቅ ነው ያለም ነበር። እኔም አላስተባበልኩም።

ይሁን እንጂ አስተማረኝ። ይህን ልካድ ብል አልችልም። ፀሐይ ሲሆን ዓይኗን አጥብባት፣ ደመና ሲሆን ክፈትላት እያለ፣ ካሜራዋን አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ በጎቹን፣ ክምሩን፣ እናቴን ከበሩ ላይ ቆማ አስነሳኝ፤ ስትጫን እንደ ወጥመድ ጧ ትላለች፣ እኔም ጧ ባለች ቁጥር አንድ ነገር የያዝኩ ይመስለኝ ነበር። ፊልሙን ከጥቅሉ አውጥቶ ክዳን ካለው ጥቁር ዕቃ ውስጥ የሚጠመጥመው በጨለማ ነውና፣ የጓዳውን ጨለማ እንኳ አላመነውም፤ የእናቴን ባና፣ ያን ከጥቁር በግ ጠጉር የተሠራ ከባድ ባና፣ በሁለታችን ራስ ላይ ይደርብና ከሥሩ ሆነን በዳሰሳ እንሠራለን፤ ሱፉ ይበላናል፣ ላባችን ይንጠባጠባል፣ እሱ «ቀስ፣ ሽፌ፣ ቀስ» ይላል። መድኃኒቱ በመንዝ ብርድ አይሠራምና ጠርሙሱን ከጧት ጀምሬ በብብቴ ይዤ እውላለሁ፤ ሰላም የሚለኝ ሁሉ ቁስል ያለብኝ ይመስለው ነበር። ሰዓቱን በመንገድ ሸጦ ስለበላው ጊዜውን የምትቆጥርልን እናቴ ነበረች፤ ከጓዳው በር ተቀምጣ በጣቷ አንጓ አርባ አንድ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ ትላለች፣ ስድስት ጊዜ አርባ አንድ ሲሞላ «ሞላ!» ብላ ትጮኻለች፤ እሱ የመጀመሪያውን መድኃኒት መልሶ ሁለተኛውን ያፈሳል፣ ሥራው ሲያልቅ ያ የአቼቶ ሽታ ጓዳውን ሞልቶት ይቆያል።

የመጀመሪያው ፊልም ወጥቶ አሥር አለቃው ወደ ሰማይ አንሥቶ ሲያሳያት እናቴ ፊቷ ጥቁር፣ ጸጉሯ ነጭ፣ ጥርሷ ከሰል ሆኖ አየችና አማተበች።

«እኔ ይኼን ከመሰልኩ መልአከ ሞት ምን ሊመስል ነው?»

«ግልባጩ ነው፣ እትዬ በለጡ። ደብረ ብርሃን ወስጄ ወረቀት ላይ ሳሳትመው ይቀናል።»

«ታዲያ ጥላሁኔም እንዲህ ሆኖ ነው የሚወጣው?»

«መጀመሪያ እንዲህ ሆኖ ነው።»

«ይሁን» አለች። «ጥቁርም ሆኖ ይምጣ።»

እኔ ግን አንድ ነገር እያየሁ ነበር። አሥር አለቃው ፊልም ባወጣ ቁጥር ቀድሞ የሚያየው ሥዕሉን አይደለም፤ ዳሩን ነው። ከዳሩ ላይ ጉንዳን የሄደበት የሚመስል ጥቃቅን ጭረት አለ፤ እሱን አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ የሚደብቀኝ ሙያ እንዳለ ገባኝ፣ ወይም የገባኝ መሰለኝ። መድኃኒቶቹ ያሉት በሁለት አንድ ዓይነት የአረቄ ጠርሙሶች ነው፤ ሁለቱ ላይ ፕላስተር ለጥፎ በእስክሪብቶ ጽፎባቸዋል። «ላዩ ላይ ጽፌልሃለሁ፤ እኔ ባልኖር አንብበህ ትሠራለህ» አለኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ ብዬው ነበር። ፊደል እንደማልለይ አውቆ እየቀለደብኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ፣ ራሴን ነቀነቅኩ።

መጋቢት ላይ ሁለቱም መሞከሪያ ፊልሞች አለቁ። አሁን የጥላሁንን ያወጣል ስንል፣ ይህ መድኃኒት ደክሟል፣ ለእሱ አዲስ ከደብረ ብርሃን ላምጣ አለ። በቃ፣ ሌላ ሰበብ ሆነ። ባዶ ነው ብዬ ለራሴ ወሰንኩ፤ ወይ ባዶ ነው፣ ወይ ወንድሜን ጥሎት ሲሸሽ የሚያሳይ ነገር አለበት። ቅዳሜ እሱና እናቴ ዘመሮ ገበያ ሲወርዱ፣ በሩን በመወርወሪያ ዘጋሁና አሥር አለቃው ከሚደብቅበት የግድግዳ ጉድጓድ ያቺን ፌስታል አወጣሁ።

ባናውን ብቻዬን ተከናንቤ ጠመጠምኩት። ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ጠርሙሶቹን ግን እናቴ ግድግዳውን ስትለቀልቅ ከቦታቸው አንስታ አንድ ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ የትኛው ፊተኛ፣ የትኛው ኋለኛ እንደሆነ ከአቀማመጣቸው ነበር የማውቀው። ያ ሽታ ከየትኛው እንደሚወጣ ለይቼ አላውቅም ነበርና ከፍቼ አሸተትኳቸው። አንዱ አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ አንዱ ለዘብ ያለ ነው። አረቄ ሲወጣ ቀዳሚው ነው ብርቱው፣ እየቆየ ይቀጥናል፤ ስለዚህ ብርቱው ይቅደም ብዬ የሚሰነጥቀውን አፈሰስኩ። እግዚኦታውን ራሴ ቆጠርኩ። ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ውሃ።

ስከፍተው ፊልሙ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነበር። ከዳር እስከ ዳር አንድ ጥላ የለበትም።

ደስ አለኝ። ይህን አልደብቅም። ወንድሜ ጠፍቶ፣ የሌለ ፊቱን በእጄ ይዤ፣ ደስ አለኝ፤ እውነት እኔ ዘንድ ነበረች ብዬ።

ማታ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለች ተመለሱ። ከበራፍ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኋቸው። «እማዬ፣ እይ! ባዶ ነው! ይኼን ሰው አምስት ወር ሙሉ የቀለብሽው በባዶ ነው!»

አሥር አለቃው ፊልሙን ከእጄ ወሰደ። ወደ ሰማይ ሲያነሳው እንደ ልማዱ ዳሩን ነው ያየው። ከዚያ ጓዳ ገባ፤ የአንዱን ጠርሙስ ክዳን ሲነቅል ሰማሁ፣ ሲያሸት ሰማሁ። ሲወጣ እኔን አላየኝም። እናቴ ዘንቢሏን እንኳ አላወረደችም።

«እትዬ በለጡ፣ ልጅዎ እውነቱን ነው። ፊልሙ ባዶ ነበር። ዋሽቼዎታለሁ።»

እናቴ ከገበያ ያመጣችውን ጨው አስቀመጠች፣ ቂጣ ቆረሰች፣ ከፊቱ አኖረችለት። «በልተህ ሂድ» አለችው። በላ። ለመጉረስ ሲቸግረው አየሁ፤ ኃፍረት ነው ብዬ ተረጎምኩት። እሱ ከጉብታው ሲያልፍ እናቴ ሁለቱን የመሞከሪያ ፊልሞች፣ የራሷንም ፊት ጭምር፣ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻቸው፤ ተኮማትረው ነደዱ። የጠራውን እኔ አስቀረሁት፣ ለማስረጃ። ከዚያ ወዲያ ካሜራ ፊት ቆማ አታውቅም፤ ስትቀበር ለለቅሶ የሚያዝ ፎቶ አልነበራትም።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከእሷ ሞት በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ለጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ነው። አዲስ ያነበበ ሰው እብድ ነው፤ የማዳበሪያ ጆንያ አነባለሁ፣ የሳሙና መጠቅለያ አነባለሁ፣ የመኪና ጎማ ጎንበስ ብዬ አነባለሁ። የድሮውን ጣሪያ አፍርሼ ቆርቆሮ ላለብስ ጓዳውን ስጠርግ ከግድግዳው ጉድጓድ አንዱ ጠርሙስ ተገኘ፤ ሌላውን እናቴ የላምባ አድርጋው ነበር። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፣ ጽሑፉ ግን ነበር። ክዳኑን ነቀልኩት፤ ደርቆም ያ አቼቶ አቼቶ የሚለው አለ። ከዚያ በጣቴ እየተከተልኩ አንድ በአንድ አነበብኩ፦ «ሽፈራው፣ ይህ በኋላ ነው። መጀመሪያ ሌላውን።»

ከዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።

እንደገና ጠረጠርኩ፤ ጠባዬ ነዋ። መሐል ሜዳ ፎቶ ቤት ለነበረው ሰው የጠራውን ፊልም ወስጄ አሳየሁት። ዳሩን አየ። «ይኼ ባዶ አልነበረም» አለኝ። «ያልተነሳበትም ቢሆን በወጉ ከታጠበ ዳሩ ላይ ቁጥሩ ይወጣል። ይኼን መድኃኒቱን አገላብጦ ያጠፋው ሰው አለ። ማነው?»

«አንድ መሃይም ነው» አልኩትና ወጣሁ።

መርሐቤቴም ወርጃለሁ። በገበያ መካከል ምንዳዬ የሚባል፣ ወታደር የነበረ፣ ፎቶ የሚያነሳ እያልኩ ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ምን አድርጎህ ነው?» አሉኝ። ሲጠረጥሩኝ ዓይናቸውን አወቅሁት፤ የእኔ ዓይን ነው። ምን አድርጎኝ እንደሆነ አፌን ሞልቶ የሚወጣ ቃል አጣሁና ተመለስኩ።

ሰላጣውን ሳልበላ ተነሣሁ፤ ልጅቱ ከኋላዬ «ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» ስትል ሰማሁ። ቤቴ ገብቼ ያን ፊልም ከመጽሐፍ ቅዱሴ መካከል አወጣሁት። የወንድሜን ፊት ከረሳሁ ቆይቷል፤ ያለኝ አሥር አለቃው የተናገረው ብቻ ነው፤ ድንጋዩ፣ ወደ ኋላ የተገፋው ቆብ፣ ደብዳቤው፣ ሳቁ። ፊልሙን ወደ በሩ ብርሃን አነሣሁና ከጫፉ ጀምሬ በጣቴ እየለካሁ ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ስምንተኛዋ ከምትሆንበት ቦታ ስደርስ አቆምኩ። በዚያ በኩል አየሁ። አጥሩ ይታያል፣ አሥር አለቃው ቆሞ የጠየቀበት የአጥሩ በርም ይታያል፤ በሩ ላይ ማንም የለም።