በግድግዳው ውስጥ የሚያለቅሰው

የልጅ ልጆቼ አንካሳ ቡችላ ከመንገድ አምጥተው ደጃፉ ላይ አስቀመጡና «እማማ፣ እንደኛ ያለ ሰው ለእንስሳ ምን ሊያደርግ ይችላል? የግድግዳዋን ነገር ንገሪን» እያሉ ነዘነዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አወራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች።

ቤቴ አማኑኤል፣ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉ ጎን ነው፤ እግሬ ግን ቤት አያስቀምጠኝም። በተለይ እሁድ፣ መርካቶ ሲዘጋ፣ ትርፍራፊ በፌስታል ይዤ ለውሾቹ እየጣልኩ እስከ ጎጃም በረንዳ እዘልቃለሁ። በሥራ ቀን የራስሽን ድምፅ አትሰሚበትም። እሁድ ግን ሌላ አገር ነው። ሸራው ብቻውን ይርገበገባል፣ የተቆለፈ የብረት በር ማንም ሳይነካው ይንቋቋል። ያስፈራኛል፤ ግን እሄዳለሁ።

አንድ እሁድ ጠዋት፣ ከጎጃም በረንዳ አለፍ ብሎ፣ ከአሮጌዎቹ ሱቆች ጎን አዲስ ሕንፃ ወደቆመበት ደረስኩ። በሱቁና በሕንፃው መካከል ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍባት ስርጥ ነበረች። በወዲህም በወዲያም በብሎኬት ተዘግታለች። ከውስጥ ሕፃን ያለቅሳል።

ቆምኩ። ለቅሶው ቀጠነ፣ ጠፋ፣ እንደገና መጣ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። አማተብኩ።

በአሮጌው ሱቅ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ ሴት በሯን ገርበብ አድርጋ ወጣች። በእጇ ጠርሙስ ይዛለች።

«እማማ፣ እዚህ አይቁሙ፤ ይለክፍዎታል።»

«ምንድን ነው ልጄ?»

«እኛስ መች አወቅን። ሕፃን ነው ያሉ ነበሩ። ሕፃን ምንም ሳይቀምስ ስድስት ቀን ያለቅሳል? በየጠዋቱ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጸበል አፈስበታለሁ። ሳፈስ ዝም ይላል፣ ቆይቶ ይብስበታል። ነገ ይቺን ቀዳዳ በሲሚንቶ አስደፍናታለሁ። ደንበኛ ሸሸኝ እኮ።»

ቀዳዳ ያለችው ከግድግዳው ስር ያለችውን፣ ሁለት ጣት የማታስገባ የውሃ መውረጃ ነው። ጎንበስ ብላ ጸበሉን አፈሰሰች። እውነትም ለቅሶው ጸጥ አለ። እኔ ግን ጆሮዬን ወደ ብሎኬቱ አስጠጋሁ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ እርጥብ፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ትንሽ ድምፅ አለ። ተንበርክኬ ጠቋሚ ጣቴን ወደ ቀዳዳው ሰደድኩ።

ሙቅና ሸካራ ነገር ላሰኝ።

ጣቴን መንጭቄ አወጣሁና መሬት ላይ ዘጭ አልኩ።

«ልጄ» አልኳት፣ «ሰይጣን ጸበል ይጠጣል እንዴ? ይቺ ድመት ናት።»

አየችኝ። «ከየት ነው የመጡት እማማ?»

«ከአማኑኤል።»

«ያስታውቃል።»

ሳቅኩ፤ እሷም ሳትወድ ሳቀች። ለቅሶው እንደገና ሲጀምር ግን ሁለታችንም ወደ ቀዳዳው ዞርን።

የሕንፃው ባለቤት ሐጂ እሁድም ከደጁ አይጠፉም። ሄጄ ግድግዳው ይከፈት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናቴ፣ የተዘጋ ነገር መክፈት ጥሩ አይደለም። ጂን ቢሆንና ወደ ሕንፃው ቢገባስ? ተከራይ ሊገባ ነው።»

«ጂን ከሆነ ብሎኬት አያግደውም፣ ሐጂ። ድመት ከሆነች ግን ነገ ቀዳዳው ሲደፈን ትሞታለች።»

እኔም ተመልሼ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። «እዚሁ አድራለሁ፤ ነገ በእኔ ላይ ይለስኑታ» አልኩ። ሐጂ ተከትለውኝ መጥተው ከፊቴ ቆሙ። መሬት መሬት ያያሉ።

ከመንገዱ ማዶ የድንጋይ ክምር ላይ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ግንበኛ ነበር። ማንም ሳይጠራው ተነሳ፣ ከሕንፃው ውስጥ ዲጂኖ አመጣና ሐጂን ብቻ አየ። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። እኔ ከግድግዳው ፈቀቅ ብዬ ተቀመጥኩ፤ ሴትዮዋ ከኋላዬ ቆማ ነጠላዬን ያዘች።

አንድ ብሎኬት ወደቀ። ሁለተኛው። የታመቀ ክፉ ሽታ መጣ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብለው ሁለት መብራቶች በሩ። ያን ጊዜ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እኔም ጂን ነው ብዬ አመንኩ።

ድመቷ ወጣች። በሲሚንቶ አቧራ አመድ መስላለች፤ አጥንቷ ይቆጠራል። አሁን ድምፅ አታሰማም። በአፏ ግልገል አንጠልጥላ መጥታ ከፊቴ፣ መሬት በነካው ነጠላዬ ላይ አኖረችው። ተመለሰች፤ ሌላ አመጣች። ሦስተኛውን ስታመጣ አይንቀሳቀስም። እሱንም ከወንድሞቹ ጎን አስተካክላ አስተኛችው፤ ትልሰው ጀመር።

ሴትዮዋ ጠርሙሷን እያየች «ላባርራት ነበር እኮ የማፈሰው» አለች ቀስ ብላ።

ከፌስታሌ ዳቦ አውጥቼ በውሃ እያራስኩ በትንሽ በትንሹ አበላኋት። የተራበ ሆድ ብዙ ከሰጡት ይታመማል። ሐጂ ስርጡ ዳግም በብሎኬት እንዳይዘጋ፣ ድመት የሚያሳልፍ የብረት ፍርግርግ እንዲገባለት አዘዙ። ሴትዮዋም ከወገቡ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ሞልታ ደጇ ላይ አስቀመጠች፤ ሳልፍ ሁልጊዜ ሞልቶ አገኘዋለሁ።

እንግዲህ ልጆች፣ የማውቀው ይኸው ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት አንኳኩ፣ አዳምጡ። የሚያስፈራ ድምፅ ስትሰሙ ጠጋ በሉ። ለቡችላውም መጀመሪያ ውሃ ስጡት።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ከዚያ እሁድ ከዓመታት በኋላ አውቶቡስ ተራ አንድ ፀጉሩ የሸበተ ሰው እጄን ይዞ አቆመኝ። ያ ግንበኛ ነው። «እማማ፣ ያቺን ስርጥ የዘጋሁት እኔ ነበርኩ» አለኝ። «የመጨረሻውን ብሎኬት ሳስቀምጥ ዓይኖቿን አይቻቸዋለሁ። በወዲያ በኩል ክፍት ነው፣ ትወጣለች ብዬ ነው። ጓደኛዬ እሱንም እንደዘጋው የሰማሁት ማታ ነው። ስድስቱንም ቀን እየመጣሁ ማዶ ተቀምጬ ሰማኋት፤ ለሐጂ መናገር ግን አቃተኝ።»