አርባ ቀን ከደጅ

ቄስ ሠረቀብርሃን ሁለት ነገር ተክነው ኖረዋል፤ ማረስና መናገር። እርሻውን ጉልበታቸው ሲከዳቸው ለቀቅ አድርገውታል። ንግግራቸው ግን ስልሳ ሦስት ዓመት ሞልቷቸው እንኳ ጭራሽ ጣፍጦ አረፈው። ከአንኮበር ወረድ ብሎ ባለው ሸንተረር ላይ ያለው የሚካኤል ምእመን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቶሎ የማይበተነው የእሳቸውን ስብከት ብሎ ነው። ምሳሌ ይወዳሉ። ስለ ስስት ሲያስተምሩ አንድ ስስታም ይፈጥሩና አረማመዱን፣ ሳሉን፣ እንጀራ አቆራረሱን ጭምር ያሳያሉ፤ ሰዉም እየሳቀ ጎረቤቱን በክርኑ ይጎሽማል። ይህ ምሳሌ የሚሉት ነገር አንድ ቀን ጣጣ ያመጣብዎታል ያለቻቸው ሚስታቸው አመተ ማርያም ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ማን ሰምቷት!

የሃያ ሦስት ቤት ንስሐ አባት ናቸው። የማን ቤት የማን የንስሐ ልጅ እንደሆነ በዚያ አገር ሕፃን ሳይቀር ያውቃል። መስቀላቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ጸበል ይረጫሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ያን ሁሉ የሰው ጉድ ተሸክመው ሠላሳ አራት ዓመት ሲያገለግሉ አንዲት ቃል እንኳ አምልጣቸው አታውቅም።

ባለፈው ኅዳር እናናየሁ መጣች። ሃያ ዓመቷ ነው። እናትና አባቷ ሲሞቱ ያሳደጋት፣ ደብረ ብርሃን ልኮ ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ደምመላሽ ነው። ደምመላሽ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለእህቱ ሲል ሚስት ሳያገባ ሠላሳ አምስት ዓመት የደፈነ ሰው ክፉ ነው ማለት ግፍ ነው። ግን ክብሬ ተነካ ብሎ ካመነ ፊቱ ያለውን አያይም። በድንበር ጠብ ሰው አቁስሎ ሁለት ዓመት ታስሯል። ከወጣ ወዲህም ጠመንጃው ከትከሻው ወርዶ አያውቅም።

ልጅቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተንበርክካ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። አገባሻለሁ ያላት ሰው ማርገዟን ሲሰማ ስልኩን ዘጋባት፤ እሷም ጽንሱን አስወረደች። «ወንድሜ ከሰማ ይገድለኛል፣ አባቴ» አለች። ለነገር ማሳመሪያ ያለችው አልነበረም፤ ቄሱም ደምመላሽን ስለሚያውቁት እንደዚያ አልሰሙትም። አብረዋት አለቀሱ። ከዚያ ቀኖና ሰጧት፤ አርባ ቀን ከቅጥሩ ውጪ፣ ከወይራው ሥር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ቆማ እንድትጸልይ፣ በየቀኑም አርባ እንድትሰግድ። ያን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሳትጎድል ቆመችው። ለምን አትገቢም ላላት ሁሉ ሕመም አለብኝ ትል ነበር። ሰዉም ይማርሽ ብሎ ያልፋል።

በግንቦት ወረዳው በጤና ጣቢያው ላይ አንድ ክፍል ሊጨምር ነው ተባለ። በክፍሉ ከሚሰጠው አገልግሎት አንዱ ሕግ በፈቀደው ምክንያት ጽንስ ማቋረጥ ነው። የቀበሌው ምክር ቤት የሕዝቡን ሐሳብ ሰብስቦ፣ ይደግፍ እንደሆነ ይቃወም እንደሆነ ለወረዳው በደብዳቤ ያሳውቃል። ሊቀመንበሩ ቤታቸው ድረስ መጥቶ «አባታችን፣ እርስዎ ካልተናገሩ ማን ይናገራል?» አላቸው። ባይጠየቁም መናገራቸው አይቀርም ነበር። እናታቸው በክፉ ቀን አርግዛቸው፣ የሚበላ በሌለበት ምን ልታበይው ነው፣ አስወጪው እያሉ ዘመዶቿ ሲወተውቷት እምቢ ብላ የወለደቻቸው ልጅ ናቸው። ይህን ከእናታቸው አፍ የሰሙት በሰባት ዓመታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

ጠዋት ጥምጥማቸውን ሲያስተካክሉ አመተ ማርያም በሩ ላይ ቆመች። «ቄሴ፣ መጽሐፍ ያለውን ይበሉና ይቀመጡ። ምሳሌ አያምጡ።»

«ልጅ አደረግሽኝ እኮ» ብለው ስቀው ወጡ።

የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። መጀመሪያ የተናገረችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሊያ ናት። «ዓምና በቃሬዛ ተሸክማችሁ ያመጣችኋት ሴት እጄ ላይ ነው የሞተችው» አለች። «ሥር ቀቅላ ጠጥታ ነበር። ደሟን ማስቆም አልቻልኩም። ሦስት ልጆች ትታ ነው የሄደችው። እኔ የማንንም ሃይማኖት ልነካ አልመጣሁም፤ የሚቀጥለዋን ሴት እንዳድን አግዙኝ ነው የምለው።» ብላ ተቀመጠች።

ቄሱ ተነሡ። «ልጄ፣ የስንቱን ምጥ እንዳቀለልሽ ዓይናችን አይቷል፤ እጅሽ ይባረክ። ያችን ሴት ስትሞት እኔ ነኝ የፈታኋት፣ ልጆቿንም አውቃቸዋለሁ። ግን ሁለት ነፍስ ባለበት አንዷን ብቻ የሚያይ ሥራ አይባረክም። የእናቲቱን ስቃይ አንቺ ተናገርሽላት። አፍ ለሌለው ማን ይናገር? ለእኔስ ያኔ ማን ተናገረልኝ? እናቴ ብቻ! ክፍሉ ይሠራ፣ ለወላድ ይሁን፣ ለሕመምተኛ ይሁን። ለዚህ ግን ድንጋይ አናቀብልም።» ብዙ ሰው አጨበጨበ፤ አሮጊቶች እልል አሉ። እዚህ ላይ ቢቀመጡ ኖሮ!

ከኋላ አንድ ጎልማሳ ተነሣ። «አባ፣ ይሄ እኮ የከተማ ጣጣ ነው። ከዚያች ሟች በቀር እዚህ አገር ማን አድርጎት ያውቃል? የሌለ ነገር ይዘን ለምን ከወረዳው ጋር እንጣላለን?» አንዳንዱ ሳቀ።

ሳቁ ቄሱን ነካቸው። «የለም?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «የለም ነው የምትለኝ? በዚያ ውርጭ አርባ ቀን ከደጅ ቆማ ደም ያነባችዋ ልጅ ታውቀዋለች! እንባዋን ያበስኩት እኔ ነኝ! ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ እንደዚያ...»

ቀሪውን ዋጡት። መልሰው ሊውጡት የሚገባው ግን አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አለች። ሌላዋ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሊቀመንበሩ ምንም አልገባውም፤ የሚቃወም እጁን ያውጣ አለ፤ አዳራሹ በእጅ ተሞላ። በመስኮቱ በኩል አንድ እጁን ያላወጣ ሰው ነበር። ደምመላሽ ቄሱን ትኩር ብሎ ያያል።

ሲስተር ሊያ ወረቀቷን ሰብስባ ስትወጣ አጠገባቸው ቆም አለች። «አባታችን» አለች ቀስ ብላ፣ «ስሟንም ቢጠሩት ይሻል ነበር።»

ቤት ሲደርሱ አመተ ማርያም ቀድማ ሰምታለች። «ስም አልጠራሁም» አሏት ሳትጠይቃቸው።

«አርባ ቀን አሉ። ውርጭ አሉ። ደጅ አሉ። ምን ቀረ?»

በሳምንቱ ሁለት ቤቶች ሌላ ንስሐ አባት ያዙ። ወደ አሊዩ አምባ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ቄሱን ሲያዩ ወሬያቸውን ያቆማሉ፤ ጉልበት ስመው ያልፉና ራቅ ሲሉ መልሰው ይጀምራሉ። እናናየሁ ውሃ ለመቅዳት መውጣት አቆመች። ቄሱ ወደዚያ ቤት ሊሄዱ ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለቴም ከመንገድ ተመለሱ። በዚህ ሰሞን እዚያ ደጅ መታየታቸው ራሱ ወሬውን እውነት ነው ብሎ መመስከር ነው። ፈሩ። እንዲህ ፈርተው አያውቁም ነበር።

ዓርብ ጠዋት የማሳቸውን አጥር ሲጠግኑ ደምመላሽ መጣ። ጠመንጃውን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ መስቀል ተሳለመ።

«አባቴ፣ ምሥጢር አውጡ አልልዎትም። እንደዚያ አላሳደጉኝም። አንድ ነገር ብቻ ይበሉኝ። እሷ አይደለችም ይበሉኝ።»

ቄሱ የተናዘዘ ሰው ነገር አይጠየቅም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ደግሞም ደንቡ ይኸው ነው። ግን የደምመላሽን ዓይን አዩ፤ ያ መልስ ለእሱ «አዎ» ነው። እናናየሁ ኅዳር ላይ ያለቻቸው ቃል ጆሯቸው ውስጥ ጮኸ።

መስቀላቸውን አነሡ። «በዚህ መስቀል፣ እሷ አይደለችም» አሉ። «የሌላ ደብር ልጅ ናት።»

«ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት» አለ ደምመላሽ። «በመስቀል በሐሰት የማለ ካህን ንስሐውን ሳይጨርስ መቅደስ አይገባም፣ ከገባ እሳት ይበላዋል ብለው ነበር ያስተማሩኝ። ያን ቀን ፈርቼ እንዳለቀስኩ ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እሑድ የመቀደስ ተራዎ ነው። ከደጁ ሆኜ አይዎታለሁ።» ጠመንጃውን አንሥቶ ሄደ።

ሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። የራሳቸው ንስሐ አባት ያሉበት ገዳም የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ የለም። ታመምኩ እንዳይሉ ደምመላሽ ያን ሕመም ያውቀዋል፤ እናናየሁም አርባ ቀን ሕመም አለብኝ ብላ ነበር። የማሉትን ሐሰት የሚያጥቡት ከደጅ ቆመው ነው፤ ከደጅ ከቆሙ ደግሞ ሐሰት መማላቸውን አገር ያየዋል፤ ልጅቱም ያን ቀን አለቀላት። በዕድሜያቸው ሁሉ ለሰው የሰጡት መድኃኒት ለራሳቸው ተከለከለ። ነገሩን ለአመተ ማርያም እንኳ አልነገሯትም። እሷም አልጠየቀችም፤ ቅዳሜ ማታ ነጭ ልብሳቸውን አጥባ፣ አጥፋ፣ መደቡ ላይ አስቀመጠችላቸው።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ወጡ። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ ነበር። ደምመላሽ ከወይራው ሥር፣ ከዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ቆሟል፤ ጠመንጃው ከግንዱ ጋር ተደግፏል። እህቱን አምጥቷታል። ከጎኑ ቆማ መሬት መሬት ታያለች። ቄሱ ደጃፉ ጋ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። የድንጋይቱ አንድ ጎን በሰው ጉልበት ለስልሷል። እዚያ ቢወድቁ፣ ግንባራቸውን መሬት ቢያስነኩ እንዴት በቀለላቸው! ያን የመሰለ ምኞት ተመኝተው አያውቁም።

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

ቀደሱ። እሳት አልወረደም። ባይወርድም አልቀለላቸውም፤ በሚቀጥለው እሑድም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም፣ ይህ ሰው ከደጅ እስከቆመ ድረስ መግባት አለባቸው። ቅዳሴው አልቆ ሠርሆተ ሕዝብ ሆኖ ሰዉ መስቀል ሊሳለም ሲሰለፍ ደምመላሽ ከፊት መጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ይፍቱኝ፣ አባቴ። ጠርጥሬዎት ነበር።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት።

ቀጥላ እናናየሁ መጣች። ግንባሯን ከመስቀሉ አስነክታ ቀና ስትል ከስብሰባው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አየች። ሁሉን ነገር ታውቃለች፤ ምን ብለው እንደማሉ ከወንድሟ ሰምታለች፣ እውነቱንም ምን እንደሆነ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

«እኔስ አርባ ቀን ቆምኩ» አለች በሹክሹክታ። «እርስዎ የት ሊቆሙ ነው?»

ከኋላዋ ያሉት ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ቄሱ መስቀሉን ለሚቀጥለው ሰው ዘረጉ።