ከኋላችን ሰባት ያለችው

ታልከ በአርባ ስድስት ዓመቷ አንድም ቀን ሰው ቀድማ በር ገብታ አታውቅም። ዳቦ ቤት ተሰልፋ ከኋላዋ ሰው ሲመጣ ተራዋን ትለቃለች፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የመጨረሻውን ወንበር ጥግ ይዛ ነው የምትቀመጠው። ጎረቤቷ ነኝ፤ ስንቴ እንደተቆጣኋት እኔ ነኝ የማውቀው። «አንቺ ሴትዮ፣ ማን ይበላሻል?» ስላት ፈገግ ትልና «እኔ ከኋላ ይሻለኛል፣ እትዬ ፍራውከ» ትለኛለች። ኤዲያ! እንዲህ ያለ ሰው ያበግነኛል።

እዚህ ፍሪስላንድ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሽና ወለሉ ይገለጣል። ያኔ ከዋናው መሬት ወደ ትንሿ ደሴታችን ጭቃውን እየረገጥን በእግር እንሻገራለን፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ደሴቷ ጋ ልንደርስ ስንል አንድ ትልቅ የውሃ ቦይ እናቋርጣለን። ውሃው ሳይመለስ ካልደረስክ አለቀልህ፤ ስለዚህ መሪ ሳይዝ የሚገባ የለም። መሪያችን የታልከ አጎት ናህመን ነበር። እሷ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰልፉ ጭራ ሆና ስትመላለስ ኖራለች። ጭጋግ ከወረደ መሪው «ቁጠሩ!» ይላል፤ ከኋላው ያለው ሁሉ በየተራው ቁጥሩን ይጮኻል። መሪ ራሱ ግን ወደ ኋላ አይዞርም። ጭጋግ ውስጥ አንዴ ከዞረ ፊቱ ወዴት እንደነበር ይጠፋዋል። እኛ ስድስት ስንሆን የመጨረሻዋ «ሰባት» የታልከ ነበረች፤ ቃሉን ግማሹን ውጣ ነው የምትለው።

ያን የጥቅምት ቀን እህቴን ዋናው መሬት ላይ ቀብረን፣ ከታልከ ሌላ ስድስት ሆነን ልንመለስ ስንል ናህመን እዚያው ካለው ቤቱ ደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሬዲዮው ደግሞ ማታ ማዕበል ይነሳል አለ። ማዕበል ሲነሳ ባሕሩ የደሴቷን ሜዳ ጠቅላላ ይውጠዋል፤ ከብቶቻችን ደግሞ ሜዳው ላይ ናቸው። ቤት የቀሩት ከብት መንዳት የማይችሉ ሽማግሌዎች ብቻ። ጀልባዋ የምትነሳው በማግስቱ ነው። መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ቀረ።

«እኔ?» አለች ታልከ። ፊቷ አመድ መሰለ። «እኔ መንገድ አላውቅም። እኔ የማውቀው የሰው ተረከዝ ነው።»

ብራር የሚባል አፈኛ ገበሬ አለን። «ይቺ ናት የምትመራን? ይቺ እኮ የገዛ ቤቷን አንኳኩታ ነው የምትገባው!» ብሎ ሳቀ።

ደሜ ፈላ። «አንተ ዝም በል! ከብቶችህ ሲሰጥሙ ሳቅህን እናያለን» አልኩት። ከዚያ ወደ እሷ ዞርኩ። «ታልክዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው። አንቺ ባታውቂው እግርሽ ያውቀዋል።»

የአጎቷን ዘንግ አነሳች። ከዚያ ከፊት ገባች። እኔ ስድስተኛ፣ የሁሉም ኋላ ሆንኩ።

የመንገዱን ብዙውን ካለፍን በኋላ ጭጋጉ ወረደ። እንዴት ልንገራችሁ! ከፊቴ ያለው ሰው ጥላ ብቻ ሆነ። ወፎቹ እንኳ ዝም አሉ። የሚሰማው ጭቃው እግራችንን ሲይዝና ሲለቅ ብቻ ነበር።

«ቁጠሩ!» አለች ታልከ ከፊት፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ።

አንድ። ሁለት። ሦስት፤ ይሄ ብራር ነው። አራት። አምስት። «ስድስት!» አልኩ እኔ።

«ሰባት።»

ከኋላዬ ነው። ከጆሮዬ ሥር። የሴት ድምፅ፣ ግማሹን ቃል የዋጠ። ዞሬ ባይ ነጭ ጭጋግ ብቻ። ጎንበስ ብዬ መሬቱን አየሁ፤ ጭቃው ላይ ያለው የራሴ ዱካ ነው፣ ውሃ እየሞላበት።

«ማነው ሰባት ያለው?» አለ ብራር። አሁን ሳቅ የለም። «ታልከ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«እኔ እዚህ ፊት ነኝ። ድጋሚ ቁጠሩ።»

ቆጠርን። ያቺ ከኋላዬ «ሰባት» ብላ ጨመረች፦ «መንገዱን አላውቀውም። እንመለስ።» የማን ድምፅ እንደሆነ ሁላችንም አውቀናል። አሥራ አንድ ዓመት ስንሰማው የኖርን ነው። ስሟን ለመጥራት ግን ማንም አልደፈረም።

«ዙሪና እይን!» ብራር ጮኸ። «ተሳስተሻል! ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሷል፣ እንመለስ!» ስለ ውሃው እውነቱን ነው፤ ባሕሩ መምጣት ጀምሯል። ያቺም ከኋላዬ እንመለስ፣ እንመለስ ትላለች። እኔም ራሴ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንመለስ ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«ፈርቻለሁ!» አለች ታልከ ጮክ ብላ። «ትሰሙኛላችሁ? ግን ትልቁ ቦይ በስተግራችን ነው፤ ውሃው ከዚያ በኩል እየገፋኝ ነው። ቦዩን ካለፍን ደረስን። ብዞር ይጠፋኛል፣ አልዞርም። ተከተሉኝ!» ወዲያው ውሃ ሲንቦጫረቅ ሰማን። ቦዩ ውስጥ ገብታለች።

ተከተልናት። ውሃው ወገቤ ድረስ ነበር፤ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። መሃል ላይ ስደርስ ካፖርቴን ከኋላ አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘው፣ የፈራ ልጅ የእናቱን ቀሚስ እንደሚይዝ። ብጮህ ሰልፉ ይበተናል። ምላሴን ነክሼ ተራመድኩ።

ከዚያ እግሬ ሣር ነካ። የደሴታችን ሣር! ታልከ ዳሩ ላይ ቆማ አንድ በአንድ እጃችንን ይዛ ጎትታ አወጣችን። ብራር እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ አላፈረም። በመጨረሻ እኔን ስታወጣኝ ካፖርቴን የያዘው ነገር ለቀቀኝ።

እጇን ግን አልሰበሰበችም። ወደ ጭጋጉ እንደዘረጋች ቆየች። «ነይ» አለች፣ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ። «ነይ፣ ይኸው ደርሰናል።» ክንዷ ተወጠረ፤ እግሯ ሣሩ ላይ ተንሸራተተ፤ ከባድ ሰው እንደሚያወጣ ሰው ወደ ኋላ ለጠጥ አለች። ትንሽ ቆይቶ ክንዷ ረገበ። ዳሩ ላይ ከእኛ ሌላ የቆመ ሰው አላየሁም።

ሳይመሽ ከብቶቹን ሰብስበን ቤቶቻችን ወዳሉበት ጉብታ ነዳናቸው፤ አንዲት ጥጃ እንኳ አልጎደለችም። የበረቱን በር እየዘጋች ሳለ አላስቻለኝምና ጠየቅኳት።

«ማን ነበረች?»

«ያቺ ፈሪዋ ታልከ ናታ» አለች፣ መወርወሪያውን እየገፋች። «ምን ላድርጋት፣ እትዬ ፍራውከ? ጥያት ብመጣ ትሰጥም ነበር።»