በፀጉሬ የተንጠለጠለው ማግኔት

ይህ የሆነው አምና ከመስቀል በኋላ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቀው እኔ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት እንዴት አፌን እንደከፈትኩ እስካሁን ይገርመኛል።

የምንኖረው ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ነው። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ቀርቻለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ስዩም ግን የቴክኒክ ተማሪ ነው። ምድር ራሷ ማግኔት እንደሆነች፣ ጉልበቷም በቀን ውስጥ ትንሽ ትንሽ እንደሚለዋወጥ አነበበና ካልለካሁ አለ። ትንሽዬ ማግኔት ላይ የመስታወት ስባሪ ለጠፈ። የሚያንጠለጥልበት ክር ሁሉ እየተጠማዘዘ ሲያስቸግረው ፀጉሬን ለመነኝ።

እናታችን ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር መተት እንዳይሠራበት ብላ የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ነው የምትወትፈው። እኔ ግን ተደብቄ አንድ ዘለላ ሰጠሁት።

ማግኔቱን በማርመላታ ጠርሙስ ውስጥ አንጠልጥሎ ባትሪ ሲያበራበት፣ መስታወቱ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጥብ ጣለ። እኔ ስጠጋ ነጥቡ ሸሸ። የቀሚሴን መርፌ ቁልፍ ሳወልቅ ነጥቡ ረጋ። ያን ቀን መቀስ ይዤ እየገባሁ፣ ቢላዋ ይዤ እየገባሁ ነጥቡን ሳስጨፍረው ዋልኩ፤ በሳቅ ሆዳችንን አመመን።

ነጥቡ እንዲታየን በጠራራ ፀሐይ መስኮት መዝጋታችን ግን ተወራ። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂ ጓድ በቀለ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የሬዲዮ መገናኛ ደብቃችኋል አለ። በእንዲህ ያለ ነገር የተወሰደ ሰው ቶሎ አይመለስም። ስዩም ሊያስረዳው ቢጀምር ሳይሰማው አልፎት ገባ።

ጓድ በቀለ ወደ ጠርሙሱ ሲጠጋ ነጥቡ ግድግዳው ጥግ ድረስ ሸሸ። ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይሄ የማን ፀጉር ነው?»

«የኔ» አልኩ።

በስብሰባ ላይ መተት የሚባል ነገር የለም እያለ የሚያስተምረን ሰውዬ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ነጥቡም አብሮት ተመለሰ። ወደ ጎን ሄደ፤ ነጥቡም ሄደ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ጓድ፣ እርስዎን አይደለም፤ ጠመንጃዎን ነው። ውጭ አስቀምጠውት ይግቡ።»

ስዩም ዓይኑን ጨፈነ።

ጓድ በቀለ ትንሽ አሰበና ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ባዶ እጁን ገባ። ነጥቡ ንቅንቅ አላለም። ወጣ፤ ይዞት ገባ፤ ነጥቡ ሸሸ። እንደገና ወጣ። እንደ ሕፃን እየሳቀ ሲመላለስ ላብ አጠመቀው።

ሬዲዮ አለመሆኑን አምኖ ሲወጣ ወደ እኔ ዞረና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከማበጠሪያሽ የሚወጣውን ግን ደብቂ፤ ሰው አይታመንም።»

እኔ እንግዳ ሲመጣ ዛሬም ጓዳ እገባለሁ። ጓድ በቀለ ግን በደጃችን ሲያልፍ ጠመንጃውን ከቤታችን ወደሚርቀው ትከሻው ያዛውራል። በመስኮት እያየሁት ብቻዬን እስቃለሁ።