ተጠርቻለሁ

ሰፈሩ «እትዬ ወንበር» ይላታል። ስሙ የወጣላት ወንበር ስለምታከራይ ነው፤ ከመልመዷ የተነሣ ዛሬ አንድ ሰው በእውነተኛ ስሟ ቢጠራት ዞራ የምታይ አይመስለኝም። ሠርግም ይሁን ልቅሶ፣ ልደትም ይሁን ምርቃት፣ ሰው የሚሰበሰብበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። በዚያ ሰፈር የእሷ ወንበር ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ዕድሜውን ቆሞ የኖረ መሆን አለበት።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው የወንበሮቹ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ጣሪያ ሊነካ ምንም አይቀረው። የኋለኛው የእሷ ነው፤ አልጋ፣ ጠረጴዛና አንድ ወንበር። ፕላስቲኮቹን በኋላ ነው የገዛቻቸው። የእንጨቶቹን ግን ሟች ባሏ በእጁ ነው የሠራቸው። አናጢ ነበር፣ ያውም ነዝናዛ አናጢ። ወንበር ሠርቶ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚያስቀምጠው እሷን ነው። «ወደ ቀኝ ጋደል በይ። ወደ ግራ ጋደል በይ» ይላታል። ሲጥ ካላለ፣ ወንበሩን መታ መታ አድርጎ «ሂድ!» ብሎ ይሸኘዋል። እሱ ከሞተ በኋላም ይህን አልተወችም። አንድም ወንበር ሳትቀመጥበትና ቀኝና ግራ ሳትጋደልበት ከደጇ አይወጣም።

በበዓል ዋዜማ ወንበሮቹ ሙልጭ ብለው ይወጣሉ። ሰው ሁሉ ቤቱን በሚሞላበት ቀን የእሷ ቤት ይራቆታል። ባዶው ክፍል ድምፅ ያስተጋባል፤ ስታስል እንኳ ሌላ ሰው የሳለ ይመስላታል። በአዘቦት ቀን ወንበር ማጠቡ፣ መቁጠሩ፣ መደርደሩ አለ፤ ቀኑ እንደምንም ያልፋል። የበዓል ቀን ግን የሚታጠብ ነገር የለም። የጎረቤት ሳቅ በግድግዳው በኩል ይገባል፣ የድስት ሽታ በመስኮት ይገባል፣ ሰው ብቻ አይገባም።

የሚጠራት ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ባሏ በሞተ ዓመት ሁለት ጎረቤቶቿ በአንድ ቀን መጥተው ጠርተዋታል፤ በቀኝ በኩል የልብስ ሰፊው ሚስት፣ በግራ በኩል ነርሷ። ለአንዷ እሺ ማለት ሌላዋን ማስቀየም ነው ብላ አሰበች። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ሰበብ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ዘመድ ቤት ምሳ ተጠርታ ነበር፤ ገና ስትገባ ጨዋታው ቀዝቅዞ፣ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሳህኗ ላይ ምግብ እየከመረ «አይዞሽ» ሲላት ውሎ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች። የሰው በዓል ላይ እንደ ጉም ወርዳ መቀመጥ አስጠላት። እናም ለልብስ ሰፊው ሚስት «ነርሷ ጋ ተጠርቻለሁ» አለቻት። ለነርሷ ደግሞ «ልብስ ሰፊው ቤት ተጠርቻለሁ» አለቻት። ሁለቱም አመኗት። የማይታመን ነገርም አልነበረውም።

በዓመቱም እንዲሁ አለች። ከዚያ ወዲያ ግን መጥራቱ ቀረና «እዚያ ነሽ አይደል?» ሆነ። እሷም «እዚያ ነኝ» ትላለች። የሚያሳዝነው፣ ያኔ ልቧ መለስ ብሎላት ነበር። አንዳቸው አንዴ ብቻ «እስቲ ዘንድሮ እንኳ እኛ ጋ ነይ» ብትላት እሺ ለማለት ተዘጋጅታ፣ ቃሉን አፏ ላይ ይዛ፣ በር በሩን ስታይ ዋለች። ማንም አላላትም። በማን ይፈረዳል? በሩን የዘጋችው ራሷ ናት፤ ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሚከፈት ጠፋት።

ጎረቤቶቹ ተነጋግረው እንዴት አላወቁም ብትሉ፣ አይነጋገሩማ! የልብስ ሰፊው ሚስት «ጎረቤቴን ነጠቀችኝ» ብላ ነርሷ ላይ ቂም ይዛለች። ነርሷም በበኩሏ ያንኑ ታስባለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው የአንገት ብቻ ነው።

ውሸት ደግሞ ብቻውን አይቆምም፣ ድጋፍ ይፈልጋል። ስለዚህ እትዬ ወንበር በየበዓሉ ጥሩ ቀሚሷን ትለብሳለች፣ ጫማዋን ትወለውላለች፣ እንደ ተጠራ ሰው ኬክ በካርቶን ይዛ ሰፈሩ እያያት ትወጣለች። ነገሩ ግን ጎረቤት ቤት መሄድ በእግር ሁለት እርምጃ ነው፤ ስለዚህ ለሁለቱም ቤቶች «መጀመሪያ ሰው ጠይቄ ነው የምመለሰው» ትላለች። ከዚያ አውቶቡስ ትሳፈርና እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄዳለች። እዚያ አንድ የሲሚንቶ መቀመጫ አለ። ተቀምጣ ከኬኩ ጫፍ ትቆርሳለች። የቀረውን ለሹፌሩ ትሰጠዋለች፤ በበዓል ቀን መሥራት የእሱም ዕጣ ሆኖ ነው። አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ ቤቱ ሲገባ፣ በጓሮ በኩል ገብታ የራሷን እራት ትበላለች።

ዘንድሮ ግን ነገር ተበላሸ። ዋዜማው ዕለት ልብስ ሰፊው ከልጁ ጋር ጋሪ እየገፋ መጣ። ፊቱ በርቷል።

«እትዬ፣ ያለውን ሁሉ ጫኚልን! ዘንድሮ ምሳው እኛ ግቢ ነው፣ ሁለት ቤት በአንድ ላይ!»

«የማን ሁለት ቤት?»

«የእኛና የነርሷ ነዋ! ይሄ ጉድ» አለ ልጁን በክርኑ ጎሸም አድርጎ፣ «የነርሷን ልጅ ሊያገባ ነው። በጓሮ አጥር ተገናኝተው ጨርሰዋል። እናቶቹም ታርቀዋል። አንቺማ ተገላገልሽ! ሚስቴ ‹ሁልጊዜ እነሱ ጋ ነው የምትሄደው› እያለች ጆሮዬን ስትበላው ነበር። ዘንድሮ እነሱም እኛም አንድ ግቢ ነን። እንግዲህ የት ታመልጫለሽ?»

እትዬ ወንበር ክው አለች። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንዷ «ያንቺ ቤት ነበረች አይደል?» ስትል፣ ሌላዋ «ኧረ ያንቺ ቤት ነበረች!» ስትል ታያት። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ውይ፣ ዘንድሮ እንኳ... የአክስቴ ልጅ ጋ ተጠርቻለሁ» አለች።

የአክስት ልጅ ምን ችግር አለው፣ በፈለጉት ጊዜ ይገኛል። ልብስ ሰፊው ቅር እያለው ራሱን ነቀነቀና መጫን ጀመረ። እሷም ከድንጋጤዋ የተነሣ በሩ ጋ ቆማ ዝም ብላ ታይ ነበር። ወደ ቀኝ አልተጋደለች፣ ወደ ግራ አልተጋደለች፣ አንዱንም ወንበር «ሂድ» አላለችም። እነሱም ክፍሉን አራግፈው፣ ከበሩ ኋላ ለብቻው የቆመውን የእንጨት ወንበር ሳይቀር ጭነው ሄዱ።

በማግስቱ እንደ ልማዷ ለባብሳ፣ ካርቶኗን ይዛ ወጣች። በልብስ ሰፊው ግቢ በኩል ስታልፍ እርምጃዋን ፈጠን አደረገች። ሳቁ መንገድ ድረስ ይሰማል። አውቶቡሱ ውስጥ ከእሷና ከሹፌሩ በቀር አንድ እንቅልፋም ዘበኛ ብቻ ነው ያለው። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። መቀመጫው ሲጥ አለ። አካሏ እንደ ለመደው ወደ ቀኝ ጋደል፣ ወደ ግራ ጋደል አለ። ይኼኔ ነው ከበሩ ኋላ የነበረው ወንበር ትዝ ያላት።

የኋላ እግሩ የተሰነጠቀ ነው። ኮላ እስክትገዛ ብላ ለይታ ያቆመችው እሷው ናት። ከዚያ ሁሉ እንግዳ መሐል ደግሞ ፕላስቲክ ላይ የማይቀመጥ አንድ ሰው አለ፤ የልብስ ሰፊው አባት። «ያንሸራትተኛል» ይላሉ። አምና ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ነርሷ ከምራታቸው ጋር እንደተኳረፈች እየተመላለሰች ነው ያቆመቻቸው። ሲስቁ ደግሞ ወደ ኋላ ተደግፈው፣ የወንበሩን የፊት እግሮች ከመሬት አንሥተው ነው የሚስቁት።

ለአፍታ ያህል ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። «ምናልባት ሌላ ሰው ተቀምጦበት ይሆናል፤ ምናልባት አይተውት ይሆናል» አለች ለራሷ። ከተመለሰች የአክስቷ ልጅ ነገር አለቀለት። አውቶቡሱ አንድ ፌርማታ አለፈ። ከዚያ ብድግ አለች።

«ወራጅ አለ!»

«ማዘር፣ ገና አልደረስንም እኮ!» አለ ሹፌሩ በመስታወቱ እያያት። «ኬኩስ?»

«ዘንድሮ ይቅርብህ!»

በበዓል ቀን የመልስ አውቶቡስ መጠበቅ ዘበት ነው። ጥሩ ጫማዋ እግሯን እየበላት፣ ካርቶኑን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ግማሹን በሩጫ ግማሹን በእርምጃ ተመለሰች። የሰፈሩ በሮች ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ከየበሩ ኋላ ማንኪያና ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። በዚያ ጎዳና ላይ የምትታይ ነፍስ እሷ ብቻ ነበረች።

ግቢው ውስጥ ስትገባ ማንም ልብ አላላትም። ዓይኗ ሽማግሌውን ፈለገ። ከጠረጴዛው ራስ፣ እንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ነገር እየተረኩ ነው። ሊስቁ ተዘጋጅተዋል።

«አባባ፣ አይደገፉ!»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

«ምን ሆነች?» አሉ ሽማግሌው። «ወንበሯን ልትወስድ መጣች እንዴ? ገና ምሳዬን ሳልጨርስ!»

ነርሷ ሮጣ ክንዳቸውን ያዘችና አስነሣቻቸው። እትዬ ወንበር ወንበሩን ገልብጣ አሳየች። ልብስ ሰፊው የኋላ እግሩን በአውራ ጣቱ ገፋ ቢያደርገው ቀጭ ብሎ እጁ ላይ ቀረ። ነርሷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች እትዬ ወንበር ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሳላየው ለቀቅኩት። ቤት አንድ አለ፣ አመጣለሁ።»

«እኔም እመጣለሁ» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት። አትምጪ ማለት አልተቻለም።

ባዶው ክፍል የሁለቱንም ኮቴ አስተጋባ። በኋለኛው ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በንጹሕ ፎጣ የተሸፈነ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያና አንድ ብርጭቆ ተሰድረዋል። የልብስ ሰፊው ሚስት ፎጣውን ገለጥ አደረገችው። ዳቦና የቀዘቀዘ ሩዝ ነው።

«የአክስትሽ ልጅ እራት አትሰጥም?»

እትዬ ወንበር የእንጨት ወንበሯን ከጠረጴዛው ሥር ሳበች።

«አንቺ፣ የት ነበር የምትሄጂው?»

«የትም።»

«አምናስ? ነርሷ ጋ አልነበርሽም?»

«አልነበርኩም። እሷም እናንተ ጋ የነበርኩ ነው የሚመስላት።»

የልብስ ሰፊው ሚስት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ ከንዴት ወደ እንባ፣ ከእንባ ወደ ንዴት ተመላለሰ።

«እኔ እኮ ስንት ዓመት አኮረፍኳት! ያቺን የመሰለች ሴት! ቤቷ ገብተሽ ስትስቂ፣ እኔን ስታሙ፣ ቁልጭ ብሎ ይታየኝ ነበር እኮ! ለካ አንቺ እዚህ ብቻሽን... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? ሰው የለኝም ብዬ?»

«እኔስ? እኔ ሰው አይደለሁም?»

«አንቺማ መጥራት ተውሽ» አለች እትዬ ወንበር። ልትለው አስባ አልነበረም፤ አመለጣት። ቢሆንም ወደ ውስጥ አልመለሰችውም።

የልብስ ሰፊው ሚስት ፎጣውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ተነሣችና ወንበሩን በአንድ በኩል አነሣችው። «ያዢ በዚያ በኩል» አለች። ወንበሩ አንድ ሰው የሚሸከመው ነበር፤ ግን ለሁለት ይዘውት ሄዱ።

እትዬ ወንበር ግቢው መሐል አስቀመጠችው፣ ራሷ ተቀመጠችበት፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ተጋደለችበት፣ ተነሥታ መታ መታ አደረገችው። ሽማግሌው ተመቻችተው ተቀመጡ። ጨዋታው ተመለሰ። እሷ ቀሚሷን አራገፈች። የሰፈሩን ሕዝብ ሁሉ የምታስቀምጥ ሴት፣ አሁን ለራሷ አንድ ወንበር አልቀራትም።

«በሉ እንግዲህ፣ መልካም በዓል ይሁንላችሁ» አለች። «እኔ እንኳ ተጠር...»

ቃሉ ለዓመታት የለመደውን መንገድ ይዞ ራሱ ነው የወጣው። የልብስ ሰፊው ሚስት ነርሷ አጠገብ ከተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ቀና ብላ አየቻት። ነርሷ ግን ምንም አታውቅም፤ በቅንነት ጠየቀች።

«ውይ እትዬ፣ ሊሄዱ ነው? የት ነው የተጠሩት?»

እትዬ ወንበር ካርቶኑን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። በሩ ከኋላዋ ክፍት ነው። አውቶቡሱም ተመልሶ ይመጣል።

«አልተጠራሁም» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ወጣ። «የትም አልተጠራሁም። ስንት ዓመት ነው የትም አልተጠራሁም።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እሷ የፈራችው ያ ዝምታ፣ ያ የዘመድ ቤት ዝምታ፣ መጣ። «አይዞሽ» የሚላት ሰው እስኪናገር አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«ጠጋ በሉ!» አለች የልብስ ሰፊው ሚስት ከአግዳሚው ላይ፣ በቁጣ። «አልሰማችሁም? ጠጋ በሉ እንጂ!»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ተገፋፉ። ጫፍ ላይ የነበረው ዕጩ ሙሽራ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። በነርሷና በልብስ ሰፊው ሚስት መሐል አንድ ጠባብ ቦታ ተከፈተ። ነርሷ ካርቶኑን ከእጇ ተቀበለቻት። እትዬ ወንበር ገባችና ተቀመጠች። አካሏ ግን ልማዱን አይተውም፤ ወደ ቀኝ ጋደል አለች፣ የነርሷ ትከሻ ያዛት፤ ወደ ግራ ጋደል አለች፣ የልብስ ሰፊው ሚስት ትከሻ ያዛት። ደግማ ወደ ቀኝ ጋደል አለች።

«ምን ትወዛወዢያለሽ?» አለቻት የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ሳህን እያስጠጋችላት። «አርፈሽ ተቀመጪ።»