ከንፈሩ ያልተቀደደ ዓሣ አልገዛም

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ከእኔ በላይ ዓሣ መርጦ የሚገዛ ሰው ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የቆጠርኩት በሲሚንቶ ከረጢት ላይ ነው። የጀልባ ሞተር መጠገን የተማርኩትም ራሴ ፈትቼ፣ ራሴ አበላሽቼ፣ ራሴው መልሼ ገጥሜ ነው። ባሮ ላይ ከሚሄዱት ሞተሮች እጄ ያላረፈበት ጥቂት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነገር አላደርግም ካለ አስቦበት ነው ማለት ነው።

የዓሣው ነገር የተጀመረው ሳህኔ ላይ ነው። ባለቤቴ ጣት የሚያካክሉ ዓሦች ጠብሳልኝ ከነአጥንታቸው እየቆረጠምኩ ሳለ ጥርሴ መሐል ክር ገባ። ስቤ አወጣሁትና መነጽሬን አድርጌ አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። ቀና ስል አልጋችን ላይ የተንጠለጠለው አጎበርም ያው ሰማያዊ ነው። ለወባ ተብሎ በየቤቱ የታደለው አጎበር ወንዝ ገብቶ፣ ገና ያላደገውን ዓሣ ሁሉ ጠራርጎ እኔ ዘንድ መጥቷል። በዚያ አጎበር ሥር ሊተኛ የሚገባው ልጅ የማን እንደሆነ አላውቅም። ዓሣውን የበላሁት ግን እኔ ነኝ። የቀረውን መጉረስ አቃተኝ።

ከዚያ ወዲህ በመንጠቆ የተያዘ ካልሆነ አልገዛም አልኩ። ሻጭ ሁሉ የመረቡ ቀዳዳ ሰፊ እንደነበር ይምላል፤ መንጠቆ ግን ምልክቱን ትቶ ይሄዳል። የዓሣውን ከንፈር ገልጬ የተቀደደበትን ካላየሁ ገንዘቤን አላወጣም። ይህን ዘዴ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ከእኔ በፊት ሲያደርገው ያየሁት ሰው የለም።

መናገር ቀላል ነው። በመንጠቆ የሚያጠምዱት ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሲመጡም ከሰዓት በኋላ ነው፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይመጡም። በበጋ፣ አሸዋው በጫማ ዘልቆ እግር ሲያቃጥል፣ ወንዙ ዳር ጃንጥላ ይዤ እቆማለሁ። ብዙ ጊዜ ዘንቢሌ ባዶ ነው። ባለቤቴ ባዶውን ዘንቢል ተቀብላኝ፣ ወደ ውስጡ አጎንብሳ አይታ፣ «ዛሬም ከንፈሩ ደህና ነበር?» ትለኛለች።

ትንንሾቹን ዓሦች የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ገና ከሩቅ ስታየኝ ለጎረቤቶቿ «የዓሣ ጥርስ ሐኪም መጣ» ትላለች፤ ገበያው ይስቃል። እዚህ አማርኛን በሌላ ቋንቋ ላይ ደርቦ የሚናገረው ብዙ ስለሆነ አንቱታ የሚያውቅ ጥቂት ነው። አልቀየምም። አንድ ቀን ግን ሳትስቅ አነጋገረችኝ።

«አባባ፣ አንተ ካልገዛህ ሌላው ይገዛል። የኔ ልጆች ዛሬ መብላት አለባቸው» አለችኝ።

ትንንሹ ካለቀ ትልቁ ከየት ይመጣል፣ ነገስ ምን ልትሸጪ ነው አልኳት። ጎኗ ወዳለው ክምር አመለከተችኝና «ነገ ሎሚ እሸጣለሁ» አለች።

«እንግዲያው ሎሚውን ስጪኝ።»

ከዚያ ጀምሮ በሄድኩ ቁጥር ሎሚ እገዛታለሁ። አቋሜን ሳልለቅ የሴትየዋንም ልጆች አልጎዳሁም፤ ይህንንም ያሰብኩት እኔ ነኝ። ቤታችን ግን ሎሚ በሎሚ ሆነ። ባለቤቴ በሎሚ እጃችንን ታስታጥበናለች፣ በሎሚ ድስት ትፈትጋለች፣ ለጎረቤት ትሰጣለች፤ ጎረቤት መቀበል እስኪያቆም ድረስ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ለሴት ልጄ ሽማግሌ ከጎሬ ሊላክ ሆነ። የሚያገባት ልጅ ቤተሰቦች በጾም ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ልጄም በመኩራት እኔን ትመስላለችና ጋምቤላ ስትመጡ የባሮን ዓሣ ትበላላችሁ ብላ ቀድማ አስወርታለች። ሽማግሌዎቹ ያንን ሁሉ ቁልቁለት ሙቀቱን እየረገሙ የሚወርዱት ዓሣውን እያሰቡ ነበር።

በዕለቱ ጠዋት ገበያ ላይ የነበረው የአጎበሩ ዓሣ ብቻ ነው። ባዶዬን ስመለስ ልጄ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«አባዬ፣ ዛሬን ብቻ ተወው። አንድ ቀን ነው።»

አመጣለሁ፣ ግን ከንፈሩን አይቼ ነው አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አየሁት፤ አይቼም ወደ ወንዙ ተመለስኩ። ለእሷ ስል አንድ ቀን ብተወው ለልጅ ልጇ ስል ሌላ ቀን እተወዋለሁ። እንዲህ እያለ የሚቀጥል ነገር እንደሆነ አውቃለሁ።

ፀሐይዋ ወደ ማዘንበሉ ስትል ባለቤቴ ደወለች። ሽማግሌዎቹ ገብተዋል፤ ጾማቸውን እስኪፈቱ ትንሽ ጊዜ አለኝ። ስልኩን እንደዘጋሁ ከማውቃቸው መንጠቆ ጣዮች አንዱ በዳርቻው ብቅ አለ። ትከሻው ላይ አንድ አምባዛ ተሸክሟል፤ ጅራቱ አሸዋውን ይጠርጋል። ከንፈሩን ገለጥኩ፤ ተቀዷል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ባጃጅ ተሳፍሬ ዓሣውን እግሬ ላይ አጋደምኩና ሹፌሩን በዋናው መንገድ ዞረህ ሂድ አልኩት፤ በአቋራጩ ሰው አይበዛም።

ባለቤቴ በጓሮ በር ተቀበለችኝ። ዓሣውን አየች፣ እኔን አየች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቅርፊቱስ?» አለችኝ።

አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቅርፊት የሌለውን ዓሣ ኦሪት ከልክሏል ብለው የማይበሉ ብዙ የደጋ ሰዎች አሉ፤ ከመጡት ሽማግሌዎች አንደኛው እንደማይበሉ ልጄ ነግራን ነበር። እኔ ግን ባሮ ዳር ስኖር ብዙ ዘመኔ ነው፤ ቅርፊት መቁጠር ከተውኩ ቆይቷል። ከንፈሩን ብቻ አይቼ መጣሁ።

ባለቤቴ ቶሎ መላ አገኘች። ቆዳውን ገፍፈን፣ ከትፈን፣ በበርበሬ ለውሰን እንጥበሰው፤ ቁራጭ ሥጋ ቅርፊት ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል አለችኝ። ልጄም ታየኛለች። እውነት ለመናገር ማንም አያውቅም ነበር። ነገር ግን እኔ በየገበያው የዓሣ አፍ የምከፍተው ሻጭ የሚደብቀኝን ለማየት ነው። እቤቴ ገብቼ ራሴ ልደብቅ?

ዓሣውን ከነጭንቅላቱ በትሪ ይዤ ሳሎን ገባሁና መሐል ላይ አስቀመጥኩት። አምባዛ መሆኑን፣ ለምን ሌላ እንዳልገዛሁ፣ ስለ አጎበሩም ስለ ክሩም ሁሉንም ነገርኳቸው። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት፣ ዓሣውን አይበሉም የተባሉት ሰውዬ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«ከትፈው ቢያቀርቡልን እንበላው ነበር። ለምን ነገሩን?»

«ትበሉት ስለነበር ነው።»

ትሪውን ገፋ አደረጉ። «ሽሮ ይኖራል?»

አለ አልኩ።

«ባሮ ዳር ወርደን ሽሮ በላን ብለን ለጎሬ ሰው እንዴት እንደምናወራ እንጃ» አሉና ወደ ጓዳው በር ዞሩ። «ልጅቱም እንደ እርስዎ ናት?»

«ትብሳለች» አልኳቸው። ከጓዳ ሳቅ በእጅ ሲታፈን ተሰማ።

«እንግዲህ ልጃችንን እግዜር ይርዳው።»

ሌሎቹም ለእሳቸው ክብር ሲሉ አብረው ሽሮ በሉ። የሎሚ ጭማቂውን ግን ደጋግመው ጠጡ፤ እንዲህ ያለ ሎሚ ደጋ እንደማይገኝ መስክረው የተረፈውን ሎሚ በኩርቱ ፌስታል አስጭነው ሄዱ። አምባዛውን እኔ፣ ባለቤቴና ጎረቤቶቻችን በላነው። ጭንቅላቱ የእኔ ድርሻ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ልጄ ተዳረች፤ አሁን ጎሬ ናት። ሰሞኑን ባሏ ደውሎ ገበያ ወጥታ ቶሎ አትመለስም ብሎ ስሞታ አቀረበልኝ። የማር ሻጩን ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ ሳትጠይቅ፣ የከሰል ሻጩ ምን ዛፍ እንደቆረጠ ሳታውቅ አትገዛም አሉ። ባለፈው ሳምንት ቤታቸው ከሰል ጠፍቶ ቁርሳቸውን ቀዝቃዛ በልተዋል።

እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ከዚያ ሎሚ ልላክልህ ወይ አልኩት።